«ትንሽ ጨምርበት» ያልሁበት ዓሣ

አልጋዬ ሥር ጨው ነበረ። አንድ ኪሎ ሁለት ኪሎ ብላችሁ እንዳታስቡ። ነገ ጨው ከዓለም ቢጠፋ ሰፈራችንን ግሽ አባይን ከነውሾቹ አንድ ክረምት የሚያሻግር ጨው ነው። ከጨው ጎን ሳሙና፣ ከሳሙናው ጎን ክብሪት፣ ከክብሪቱ ራቅ ብሎ ሦስት ጀሪካን ዘይት። ባሌ ጋደም ሲል «ዛሬስ ስንት ኩንታል ላይ ነው እምተኛው?» እያለ ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ እንቁላልም አስቀምጬ ነበር። የእንቁላሉን ነገር ቤታችን ውስጥ አናነሳም።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ሰው ሲያስነጥስ የለቅሶ ድንኳን ይታየኛል። ልጅ አሥር ደቂቃ ከዘገየ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለመልበስ ይቃጣኛል። ደግሞ በከንቱ አልፈራም። መንገድ ሲዘጋ አይቻለሁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ አይቻለሁ፣ ትናንት በየደጁ ተከምሮ የነበረ ሽንኩርት በማግሥቱ እንደ መድኃኒት ሲፈለግ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ የሚበቃውን ነገር ሁለት እገዛለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማካፈልን በደንብ ሳልለምድ ስለወጣሁ እስከ ዛሬ እጄ የሚታዘዝልኝ ለመደመር ነው።

ኑሮዬ ዓሣ ነው። ጣና ዳር ሸራ ወጥሬ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እጠብሳለሁ። አምባዛም አልፎ አልፎ እይዛለሁ፤ ግን ጢሙንና አፉን ሳይ የድሮ የቀበሌ ሊቀ መንበራችን ትዝ እያለኝ እጄ ይከብዳል። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። የንስሐ አባቴ «ባይበላ ይመረጣል» ይሉኛል። ሽታው ከደረሳቸው ግን ወደየትም ይሂዱ ወደየት መንገዳቸው በእኔ ሸራ በኩል ነው።

በዚህ ዓሣ አንዲት ሴት ልጅ አስተምሬ ዩኒቨርሲቲ አስመረቅሁ። የተመረቀችበት ፎቶ ግድግዳችን ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ይበልጣል፤ እመቤቴ ትታዘበኝ ይሆናል እንጂ ክፉ አታስብብኝም። የተማረችው «የአቅርቦት ሰንሰለትና ሎጂስቲክስ» ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ዕቃን በሚፈለግበት ሰዓት፣ በሚፈለግበት ቦታ፣ በሚፈለገው ልክ ማድረስ ነው።»

«ይሄማ የኔ ሥራ አይደል እንዴ? ለዚህ ነው አራት ዓመት?»

«አይ እማ፣ አንቺ ልክ የሚባለውን ነገር አታውቂውም።»

ተምራ ከመጣች በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ አጣች። ማስታወቂያ የሚለጠፍበትን አጥር ሁሉ በእግሯ ጨረሰችው። ከዚያ አንድ ቀን ሰማያዊ ደብተር የመሰለ ነገር ይዛ ገባችና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ፓስፖርት ነው። አብራት የተማረች ጓደኛዋ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራለች፤ እሷም ልትከተላት ነው። አራት ዓመት ዕቃ ማጓጓዝ ተምራ፣ መጨረሻ ላይ የሚጓጓዘው ዕቃ ራሷ ልትሆን ነው። ኤጀንሲው ቁርጥ ያለ መልስ እስከ ሰኞ ስጪኝ ብሏታል።

እኔ ያን ሳምንት ምን እንደበላሁ አላውቅም። እህል ግን እንደገዛሁ አውቃለሁ።

በዚሁ ሳምንት ነው ሸራዬ ሥር ዓሣ የሚበላ አንድ ደንበኛዬ ነገሩን ያመጣው። ከሌላ አገር ተቀይሮ የመጣ ሰው ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞች ክበብ ኃላፊ ነው፤ ሲናገር እንደ ራዲዮ ነው። ክበባቸው ምሳ የሚያቀርብ ሰው አጥቷል። «ዓርብ ለመቶ ሃያ ሰው የጾም ምሳ አቅርቡና እንያችሁ። ከሠመረ ክበቡን ትይዙታላችሁ» አለ። ልጄ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

ማታውን እንዲህ አለችኝ። «ይሄ ከተሳካ ግዢውንና ማጓጓዙን እኔ እይዛለሁ፣ አልሄድም። ካልተሳካ ሰኞ ለኤጀንሲው እሺ እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ እማ፤ ጣልቃ አትገቢም።»

በእመቤታችን ሥዕል ፊት ማልሁ። በትንሿ።

በማግሥቱ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈች፤ ቀስት በቀስት ነው። ዓሣው ከደቅ ነው የሚመጣው፤ የደሴቱ ዓሣ ትልልቅ ነው፣ የሚያመጣልንም የደቅ ሰው የሆነ ነባር ባለ ጀልባችን ነው። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጀልባው ወደቡ ይደርሳል። ሦስት ሴቶች ቢላዋ ይዘው ይጠብቃሉ። ሁለት ባጃጅ ቆሟል። አራት ሰዓት ላይ ዘይቱ ይግላል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሩዙ ሐሙስ ከወረታ ይገባል። ዓሣው መቶ ሠላሳ ነው።

«ለመቶ ሃያ ሰው መቶ ሠላሳ?» አልሁ።

«አሥሩ ትርፍ ነው።»

«አሥር ትርፍ ነው እሚባለው? አንድ ድመት ብትመጣ...»

«እማ። ዓሣ ቆሞ አይጠብቅም። የተረፈው ይበሰብሳል። ልኩን ማወቅ ነው ዋናው ነገር።»

ባሌ ወረቀቱን አየት አድርጎ «አልጋው ሥር ያለውም በዚህ ቀስት ይወጣልን?» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

መሐላዬ ከሰኞ ማታ እስከ ማክሰኞ ከሰዓት ጸና። ከዚያ ስልኬን ይዤ ከዶሮው ቤት ኋላ ገባሁና ለባለ ጀልባው ደወልሁ።

«ልጄ ያዘዘችህ ስንት ነው?»

«መቶ ሠላሳ ቆሮሶ ነው፣ እትዬ።»

«ትንሽ ጨምርበት።»

«ስንት ልጨምር?»

«ትንሽ ነው ያልሁህ።»

«ምነው እትዬ፣ ድምፅዎ ጥሩ አይደለም?»

እዚህ ላይ መዝጋት ነበረብኝ። ግን ደህና ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝን ሰው ዋሽቼ አላውቅም፤ ሳልጠየቅም እናገራለሁ። ፓስፖርቱን፣ አረብ አገሩን፣ የፋብሪካውን ምሳ፣ ሰኞን፣ ሁሉንም ዘረገፍሁለት። ዶሮዎቹ እንኳ ፀጥ ብለው አዳመጡኝ።

«አይስጉ እትዬ» አለ። «ደቅ እያለ!»

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ የሰፈረልህ ሰው በሰፈረልህ ላይ ምርቃት ካልጨመረ አልሸጠልህም፣ ቀማህ ነው። ጤፍም ይሁን ቃሪያ፣ ከልኩ በላይ አንድ እፍኝ አናቱ ላይ ጣል ይደረጋል። ደግሞ አንዲት ትልቅ ሴት «ትንሽ» ስትል ማንም ትንሽ ማለቷ ነው ብሎ አይወስደውም። አፍራ ነው ይባላል። እንግዳ ሆነህ «ትንሽ ቅመስልኝ» ስትባል የሚቀርብልህን ትሪ አስበው። እኔ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ከዶሮው ቤት ኋላ ሆኜ አላሰብሁትም። ወይም አስቤው ይሆናል።

ለሩዝ ነጋዴዋም ደወልሁ። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ፣ ባሕር ዳር ሱቅ ያላት እስላም ወዳጄ ናት፤ ስንተዋወቅ ሁለታችንም ወገባችን ይታጠፍ ነበር።

«ሩዙን ትንሽ ጨምሪበት» አልኋት።

«ልጅሽ ያዘዘችኝን ጽፌያለሁ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የት ልትከችው ነው? አልጋሽ ጣራ ሊነካ ነው እኮ! ወላሂ አንዲት ፍሬ አልጨምርም።» ዘጋችብኝ። በዚያ ሳምንት አንድ ቁጥር ሰምቶ ቁጥሩን የያዘ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ዓርብ ጠዋት ወደቡ ላይ ነን። ልጄ ወረቀት የያዘ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ታቅፋ ሰዓቷን ታያለች። ሦስቱ ሴቶች ቢላዋቸውን ድንጋይ ላይ ይስላሉ። ባጃጆቹ ቆመዋል። ከሁሉ ቀድሜ ጀልባውን ያየሁት እኔ ነኝ። ፍርሃት ዓይን ያበራል።

ጀልባው ውኃው ውስጥ ዝቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ሌላ ቀን ከንፈሩ ከውኃው አንድ ክንድ ከፍ ይላል፤ ዛሬ ጣና ራሱ ሊሳፈርበት ምንም አልቀረው። ባለ ጀልባው የሚቀመጥበት አጥቶ ቆሟል። እንደ ንጉሥ ነው የቆመው።

«ሰዓቱ ልክ ነው» አለች ልጄ። ደስ አላት።

ጀልባው ተጠጋ። ዓሣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ዓሣ በቅርጫት፣ ዓሣ በቄጠማ ተሸፍኖ፣ ዓሣ በባለ ጀልባው ጃኬት ተጠቅልሎ። አናቱ ላይ ሁለት ጆንያ ሎሚ። ሎሚው ላይ እግሯን የታሰረች አንዲት ቀይ ዶሮ። በዓርብ ቀን!

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለች ልጄ። የሌላ ሰው ጭነት መስሏታል ምስኪን።

«የእናንተ ነዋ!» አለ ባለ ጀልባው። ከዚያ ልጄን ከላይ እስከ ታች አያት። «ይቺ ናት አረብ አገር እምትሄደው? ትሂድ እንዴ ይቺ? ምን በወጣት!»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ማን ነገረው?»

እኔ ሐይቁን አየሁ። ጣና ትልቅ ነው፤ ብዙ የሚታይ ነገር አለው።

ባለ ጀልባው ግን እየወረደም እያወረደም ያወራል። እሱ ለዓሣ አጥማጆቹ «እናትየዋ ተጨንቀዋል፣ ሁለት መቶ አድርጉት» ብሏል። ሁለት መቶ የተባሉት «ሁለት መቶማ እንዴት ይበቃል፣ ልጅቷ ልትሄድባቸው ነው» ብለው ለየአማቶቻቸው ነግረዋል። አማቶቹ በየበኩላቸው መረብ ጥለዋል። የአንዱ ሚስት ለማኅበርተኞቿ አወራች። ሎሚው የመጣው ከዚያ ነው። ዶሮዋን የላኩት ልጄን አይተዋት የማያውቁ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ «ስትቀር ትረድበት» ብለዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ በመጨረሻ ሁሉም በየድርሻው ላይ ምርቃት ጨምሯል።

«የመቶ ሠላሳው ዋጋ እንደተነጋገርነው ነው» አለ። «ሌላው ስጦታ ነው። ዋጋ ብትጠሩበት ደቅ ትቀየማለች።»

ሴቶቹ ቆጠሩ። አምስት መቶ ላይ ሲደርሱ ልጄ «ይበቃል» አለች። ገና አንድ ከረጢት አልተፈታም።

«እማ» አለችኝ።

«ትንሽ ነው ያልሁት» አልሁ።

ፀሐይዋ ወጥታለች። መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል፣ በረዶ የሚባል የለም። ትልልቁ ዓሣ ከትንንሹ ጋር ተደባልቋል። ሁሉን እናጽዳ ብንል እስከ ማታም አንጨርስም፤ ጥለነው እንሂድ ብንል ሰው ለልጄ መቅረት ብሎ የላከውን ዓሣ ዝንብ ሲወረው፣ ወሬው ከጀልባው ቀድሞ ደቅ ይገባል። እኔ «ሁሉንም እንጥበሰው» አልሁ። ከዚያ «እንቅበረው» አልሁ። ከዚያ «ጌታ ሆይ አምስት ሺህ ሰው ላክልን» አልሁ፤ እሱ ዓሣ ሲያጥረው የሠራውን እኛ በግልባጩ አምጥተንበት ተቸግሮ ይሆናል፣ ማንም አልመጣም።

ልጄ ሎሚው ጆንያ ላይ ተቀመጠችና አጎነበሰች። ታለቅሳለች ብዬ ልነካት እጄን ስዘረጋ አየኋት፤ ከሰሌዳው ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው እየጻፈች ነው። ዶሮዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታያታለች።

ተነሳች። «እናንተ ሦስታችሁ፣ ትልልቁን መቶ ሠላሳ ብቻ። ሌላውን እንዳትነኩ» አለች። ለባለ ጀልባው «አንተ መራጭ ነህ፤ አንተ ነህ ያመጣኸው» አለችው። እሺ እመቤቴ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ወደ ሐይቁ ዳር ጠባሾች ልካ ለእያንዳንዷ ሸራ ከረጢት አደለች፤ ዓሣው ስጦታ ነውና በስጦታ፣ በምትኩ ድስታቸውንና እሳታቸውን ይዘው ለክበቡ ሊጠብሱ መጡ። ቀጥላ ለሩዝ ነጋዴዋ ደወለች።

ሩዝ ነጋዴዋ በፒካፕ መጣች። የወንድሟ ልጅ ኒካህ በማግሥቱ ነው፣ ድግስ ላይ ናቸው። ከመኪናው ሳትወርድ ሳቋ ደረሰኝ።

«ያ ረቢ! ትንሽ ማለት ይሄ ነው? እንኳን ሩዙን አልጨመርሁልሽ! የወረታን ማሳ ነቅለሽ ታመጭ ነበር።»

«ውሰጂና ዝም በይ።»

«ልወስድ ነው የመጣሁት። አላህ ዓሣን ሲፈጥር ባራጁ እንዳንጣላ አስቦልን ነው፣ አንቺ ግን ልታጣይን ነበር» አለችና መቶ አምሳ ዓሣ አስጭና ሄደች። እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ስንዋደድ ሥጋዋን በልቼ አላውቅም፣ ሥጋዬን በልታ አታውቅም። ዓሣ ግን ማንም ባርኮ ስላላረደው ከአንድ ትሪ በልተናል።

ቢሆንም ከሁለት መቶ በላይ ቀረ። ልጄ ክምሩን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልትጠይቀኝ የከበዳት ነገር እንዳለ ገባኝ።

«እማ... ጨው አለሽ?»

በሕይወቴ ማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ላለመሳቅ ከንፈሬን ነከስሁ።

«ትንሽ» አልሁ።

ባሌ ዓሣውን በባጃጅ አራት ጊዜ ተመላልሶ ቤት አስገባ። የመጨረሻውን የጨው ጆንያ ከአልጋው ሥር ሲያወጣ ላቡን ጠርጎ «አልጋችን እግር አለው ለካ» አለ። ባለ ጀልባውና ባሌ ዓሣውን እየሰነጠቁ፣ እኔ ጨው እያሸሁ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለ የልብስ ገመድ ሁሉ ዓሣ ተሰጣበት። የግሽ አባይ ድመቶች አጥራችን ላይ ተሰልፈው ያንን ቀን እንደ ዓመት በዓል አከበሩት።

ምሳው ሃያ ደቂቃ ዘገየ። እኔ ክበቡ የደረስሁት ትሪው ሲወጣ ነው፤ እጄ ጨው በጨው ነበር። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። ሠራተኞቹ ማንኪያ ያንኳኳሉ። ልጄ ለእያንዳንዱ ሰው ሩዝ፣ ዓሣ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ግማሽ ሎሚ ታድላለች። ሎሚ አላዘዝንም ነበር። ማንኪያው ጸጥ አለ። ዓሣ አፍ ይይዛል፤ እሾህ አለው።

ኃላፊው በልቶ ሲጨርስ እጁን እያበሰ መጣ። «ሃያ ደቂቃ ዘግይታችኋል» አለ በራዲዮ ድምፁ።

እኔ ልናገር አፌን ከፈትሁ። ጎማ ፈነዳ ልል ነበር፣ እምቦጭ ጀልባውን ያዘው ልል ነበር፣ ሁሉንም አዘጋጅቻቸው ነበር። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«አዎ ዘግይተናል» አለች። «የመጣው ዓሣ ከታዘዘው አራት እጥፍ ነበር። ስህተቱ የእኛው ነው፣ ከየት እንደመጣም አውቀዋለሁ። አይደገምም።»

ሰውዬው አያት። አራት እጥፍ መምጣቱን ለማመን የቸገረው ይመስላል። «ሰው ሲዘገይ አልመጣልኝም ነው እሚለኝ» አለ። «በዛብኝ ያለኝ ሰው የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ለሠራተኛው ሁለተኛ ዓሣ ይደርሳል?»

ደረሰ፤ ጠባሾቹ ያን ያልተቆጠረውን ከረጢት ይዘው መጥተው ነበር። ሦስት ወር ሰጠን። እናያችኋለን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንነጋገራለን አለ።

ቅዳሜ ልጄ አላናገረችኝም። ዓሣ ስታገላብጥ ዋለች። ያቺ ቀይ ዶሮም እግሯ ተፈትቶ ኋላ ኋላዋ ትዞራለች። ልትታረድ የመጣች ናት፤ ማንም አልደፈራትም። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፤ ከገመድ ወደ ገመድ ስትሄድ አንዳንዴ ብቻዋን ትስቃለች፣ ወዲያው ደግሞ ትቆጣለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ተቀይሯል። አዲስ ቀስት ተስሎበታል፤ ጫፉ ላይ «መጠባበቂያ - ሃያ ዓሣ፣ ጨው» ይላል። ሃያ! አሥር ጨምራለች። ምንም አልተናገርሁም። ሰው ሲያሸንፍ ዝም ማለት አለበት፤ ከባድ ነው እንጂ።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት። የባለ ጀልባውን ቁጥር አጠፋችው። ቁጥሩን በቃሌ እንደማውቀው አልነገርኋትም። «ዕቃ እማዝዘው እኔ ነኝ። ስትፈሪ ለኔ ንገሪኝ፣ ለደቅ አትንገሪ» አለችኝ።

«ለአንቺ ብነግርሽ ትሄጂያለሽ ብዬ ነው እኮ የፈራሁት።»

ቁም ሳጥኑ ላይ እጇን ሰደደችና ፓስፖርቱን አወረደች። አቧራ ይዞ ነበር፣ በቀሚሷ ጠረገችው።

«ነገ ለኤጀንሲው አልሄድም እላለሁ። ሦስት ወሩን እናያለን። ይሄን አንቺ ያዥው፣ መጠባበቂያ ነው። አልጋሽ ሥር ቦታ ተገኝቷል።»

ባሌ ከውጭ ሆኖ «ኧረ አሁን ነው ያረፍነው!» ሲል ሰማሁት።

በጨው ጆንያ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ጨው በነበረበት ቦታ አስቀመጥሁት። ክበቡን ከያዝን ስድስት ወር አልፎናል። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ካልጋ ሳልነሳ እጄን ሰድጄ መኖሩን አያለሁ። እንዲጠፋ አልፈልግም፤ አደራ ነው። ግን ያን ያህል ዘመን ዕቃ ስከምር የኖርሁ ሴት ነኝና ሳስገባው መጀመሪያ ያየሁት ጊዜው መቼ እንደሚያልፍበት ነው። ማንኛውም ዕቃ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን አለው። የእሱም ተጽፎበታል። ጥቂት ዓመት ቀርቶታል፤ እኔ ደግሞ ዕቃ እስኪበላሽ መጠበቅ ላይ ማንም አይደርስብኝም።